ስለ ተላጠው ብሎክ፦ «ሞተር አትቀቡ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ሞተር አትቀቡ» የሚል ጽሑፍ ከሦስት ሰዎች ደረሰኝ። ሦስቱም ትርፍ ሰዓቴን ሞተር ስፈታና ስገጥም እንደማሳልፍ ያውቃሉ። አንዱማ ከሥሩ «ይቺ ላንተ ናት» ብሎ ጽፎበታል። ለእኔ ከሆነች እንግዲህ ልመልስ።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ ላውጋው። ጸሐፊው የመኪናቸውን ሞተር አውርደው ሙሉ እድሳት ያደርጋሉ። ፒስተኑ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ብሮንዚኑ (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከመው) ሁሉ ይቀየራል። በመጨረሻም ብሎኩን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን የያዘውን የሞተሩን ዋና አካል፣ በራሳቸው እጅ ብርማ ቀለም ይቀቡታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ቀለሙ ተላጠ። ተናደዱ። ከዚያ ቁጭ ብለው ጻፉ። ቀለም ሙቀት ያፍናል፣ ተልጦ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ የሚጠቅመውም ሻጭን ብቻ ነው ይላሉ። ይህን ብለው ሲያበቁ ደግሞ «እምቢ ብሎ መቀባት ለሚፈልግ» ምክር ይለግሳሉ። ምክሩ ከክሱ የባሰ ነው። እኔንም ብዕር ያስነሳኝ እሱ ነው።

ከጽሑፉ ጋር የተላጠው ብሎክ ፎቶ አለ። ማስረጃቸው ይኸው ነው። ከቫልቭ ክዳኑ ጥግ ሥር ተነስቶ በብሎኩ ጎን ወደ ታች የወረደ፣ ጣት የሚያህል የተላጠ መስመር ይታያል። ግራና ቀኙ ያለው ቀለም ደህና ነው። ፎቶውን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

«ቀለም ሙቀት ያፍናል»

ቀለም ሙቀትን በደንብ እንደማያስተላልፍ የጻፉት እውነት ነው። ከጊዛ ጋር ስናወዳድረው 250 ጊዜ ያህል ያንሳል። ጊዛ የምለው ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰውን፣ ብዙ ብሎክ የሚሠራበትን ብረት ነው። ይህን ቁጥር ብቻ ሰምቶ የሚደነግጥ ሰው አይፈረድበትም።

ውፍረቱስ ግን? በስሱ የተቀባ ቀለም ሲደርቅ 50 ማይክሮን ገደማ ነው (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዘለላ የራስ ጸጉር ይቀጥናል። ከቀለሙ ውጭ ደግሞ አየር አለ። ብሎኩን ታክኮ ያለው አየር ራሱ ሙቀት አላሳልፍም ባይ ነው። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ማራገቢያው እየነፋበት እንኳ፣ ቀለሙ በሙቀቱ መንገድ ላይ የሚያስቀምጠው እንቅፋት አየሩ ከሚያስቀምጠው ከመቶ አንድ እጅ ቢሆን ነው። አየሩ ሲረጋ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ደግሞስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በጎኑ ነው እንዴ? በተለመደው ግምት ከነዳጁ ኃይል ሲሶው ሥራ ይሠራል፣ ሲሶው ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ ሲሶው ደግሞ በውሃው በኩል ራዲያተር ጋ ይሄዳል። በብሎኩ ቆዳ ወደ አየር የምታመልጠው ትንሽ ነች። ቴርሞስታቱ ቁጭ ያለውም ውሃው እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ82 እስከ 95 ዲግሪ ባለው አካባቢ እንዲቆይ ነው። ብሎኩን ቀባችሁት አልቀባችሁት እሱ ጉዳዩ አይደለም። ከእድሳት በኋላ ሞተሩ የሚፈላ ከሆነ ወንጀለኛውን ውሃ ፓምፑ፣ ራዲያተሩ ወይም ውስጥ ታምቆ የቀረ አየር ጋ ፈልጉት።

በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ቢሆን ነገሩ ይለይ ነበር። እዚያ ክንፎቹ ራሳቸው ራዲያተር ናቸው። ክንፎቹ መሐል ቀለም ደርቦ ደርቦ መሙላት በእርግጥ ይጎዳል። ጸሐፊው ይህን አንስተው ቢሆን ዝም እል ነበር። የእርሳቸው ሞተር ግን ራዲያተር አለው፤ ከፎቶው ጥግ የውሃ ቱቦው ይታያል።

«ግድ ከሆነ ጥቁር ይሁን፤ ጥቁር ሙቀት ይረጫል»

ይቺን ብዙ ሰው ያምናታል። እኔም አምን ነበር።

ጥቁር ልብስ ፀሐይ ላይ እንደሚያቃጥል ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ተነስተን ጥቁር ቀለም ሙቀት በመርጨትም አንደኛ ይመስለናል። የፀሐይ ብርሃን አብዛኛው ዓይናችን የሚያየውና ለዚያ የቀረበ ነው። 100 ዲግሪ የሞቀ ብሎክ የሚረጨው ግን በዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ነው። የሞገዱ ርዝመት ስምንት ማይክሮን አካባቢ ነው። በዚያ ሞገድ ላይ ጥቁሩም፣ ነጩም፣ ቀዩም፣ ሰማያዊውም ቀለም እኩል ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይረጫሉ። የቤት ማሞቂያ ራዲያተሮች ነጭ ተቀብተው ክፍሉን የሚያሞቁት ለዚህ ነው። ከመንጋው የሚለየው ብርማው ብቻ ነው። የአሉሚኒየም ዱቄት ስላለበት ከሌሎቹ በግልጽ ያነሰ ይረጫል። ጸሐፊው የቀቡት ደግሞ ብርማ ነው። እንዲያም ሆኖ ሞተራቸው አልፈላም። እኔም እንዲፈላ አልጠብቅም፤ ምክንያቱን ከላይ ብያለሁ።

ቀለሙን ለዓይናችሁ ምረጡት። ሸቭሮሌ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ብዙ ሞተሮቹን ብርቱካናማ ይቀባ ነበር፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ዞረ። ፎርድ ከ1966 ጀምሮ ሰማያዊ ነበር። ካተርፒላር ቢጫ ነው። ለሙቀት ብሎ የመረጠ የለም፤ መለያ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኔን ከጠየቃችሁኝ ፈዘዝ ያለ ግራጫ እመርጣለሁ። ውበት ፍለጋ አይደለም፤ ዘይት ሲያልብ ወዲያው ይታያል።

«ተልጦ ዘይት ውስጥ ይገባል»

በየት በኩል? የውጭ ቀለም ከውጭ ነው ያለው። ሲላጥ መሬት ይወድቃል። ወደ ዘይት የሚያደርሰው መንገድ የለም፤ ቀዳዳዎቹን ሳይሸፍን ካልቀባ በስተቀር። እሱን ስለ መሸፈን ስናነሳ እናወራለን።

የብሎክን ውስጥ መቀባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምናልባት ጸሐፊው የሰሙት ያንን ይሆናል። የእሽቅድምድም ሰዎች ከድሮም የብሎኩን ውስጠኛ ግድግዳ ሲቀቡ ኖረዋል። ይጠቀሙ የነበረው ለኤሌክትሪክ ሞተር ጥቅሎች መከለያ የተሠራውን ግሊፕታል የሚባል ቀይ ቀለም ነው። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ሸካራው ግድግዳ ሲለሰልስ ዘይቱ ወደ ኮፓው (ከሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) ቶሎ ይመለሳል። ከቅርጽ ማውጫው የቀረች የአሸዋ ቅንጣትም ካለች ባለችበት ትታሰራለች። ነገር ግን ግድግዳው ለዓመታት ዘይት የጠጣ ነው። ጥግ ላይ አንዲት ያልጸዳች ቦታ ከቀረች ቀለሟ ትነሳለች። ከዚያ የዘይት ፓምፑ ወንፊት ላይ ትለጠፋለች። ዘይት ያጣ ብሮንዚን ደግሞ ምሕረት አያውቅም። ለእሽቅድምድም ሞተር፣ በየወሩ ለሚፈታ፣ ይሁን። ለዕለት ተዕለት መኪና ውስጡን ተዉት። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

«በናፍጣ አጥቦ በጨርቅ ማድረቅ ይበቃል»

አይበቃም። የመጣሁበትም ጉዳይ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ለዚህ ማጀቢያ ነው ብትሉኝ አልቀየምም።

ናፍጣ ግሪስና የደረቀ ዘይት ያነሳል፤ ለመጀመሪያው ዙር እኔም እጠቀምበታለሁ። ችግሩ ራሱም ዘይት መሆኑ ነው። ስትጨርሱ ብረቱ ላይ ስስ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ብሎኩ ደረቅ ይመስላል፣ እጅ ሲነካው ንጹሕ ነው። ቀለም ግን በዚያ ቅባት ላይ አይነክስም። እላዩ ላይ ይተኛል እንጂ። ለጥቂት ሳምንት ያምራል። ከዚያ ሞተሩ ሞቆ ቀዝቅዞ፣ ሞቆ ቀዝቅዞ፣ ቅርፊቱ እንደ ድንች ልጣጭ ይነሳል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የመጀመሪያ ሞተሬን የቀባሁት ልክ እንዲሁ አድርጌ ነው። ናፍጣ፣ ጨርቅ፣ ቀለም፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ኩራቴን አትጠይቁኝ። በሁለተኛው ወር የውሃ ፓምፑን ለመቀየር ስፈታው የእጄ መዳፍ የሚያህል ቀለም ከጓንቴ ጋር መጣ። ጀርባውን ገልብጬ ሳየው ያብለጨልጫል። ናፍጣዬ ነበር።

ጊዛ ደግሞ ከሌላ ብረት የባሰ ነው። ላዩ ሸካራ፣ በጥቃቅን ጉድጓድ የተሞላ ነው። ለዓመታት የጠጣውን ዘይት በአንድ እጥበት አይተፋውም። አጥባችሁ አድርቃችሁ ፀሐይ ላይ ወይም በሙቅ አየር ብታሞቁት እንደገና ያልበዋል። ስለዚህ ማጠብ፣ ማሞቅ፣ እንደገና ማጠብ ያስፈልጋል። እኔ ከናፍጣው በኋላ በሙቅ ውሃና በጠንካራ ሳሙና ቢያንስ ሁለት ዙር አጥባለሁ። የሽቦ ብሩሽ ለውጩ፣ ረጃጅም የቱቦ ብሩሽ ለዘይት መተላለፊያዎቹ። በመተላለፊያዎቹ ጫፍ ላይ ያሉት ክዳኖች መከፈት አለባቸው፤ እነሱን ሳይፈቱ ማጠብ ቤትን ምንጣፉ ላይ እንደመጥረግ ነው።

ሲሊንደሮቹንም ሳሙና ነው የሚያጸዳቸው። ከተሞረዱ በኋላ ጭረቶቹ ውስጥ የቀረውን የሞረድ ዱቄት ናፍጣና ቤንዚን ከቦታ ቦታ ያዛውሩታል እንጂ አያወጡትም። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ያወጡታል። ማረጋገጫው ነጭ ጨርቅ ነው። በንጹሕ ዘይት ነክራችሁ ሲሊንደሩን ጥረጉት። ጨርቁ ከግራጫነት እስኪወጣ ድረስ ሥራው አላለቀም። ይህ የቀለም ጉዳይ አይደለም፣ የሞተሩ ዕድሜ ጉዳይ ነው። ግን በአንድ እጥበት ሁለቱም ያልቃሉ፤ ለዚህ ነው «ብሎክ መቀባት ጊዜ ማባከን ነው» ሲሉኝ የሚገርመኝ። ጊዜውን የሚወስደው እጥበቱ ነው። እጥበቱ ደግሞ ቀባችሁም አልቀባችሁም ግዴታ ነው።

ውጩ ለቀለም መድረሱን ለማወቅ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ተዘርግቶ እንደ ስስ መስታወት ብረቱን ካለበሰው ዘይት የለም። ተሰብስቦ እንደ ጤዛ ነጠብጣብ ከሆነ ዘይቱ እዚያው ነው። ተመለሱና እጠቡ።

ከውሃው በኋላ ሩጫ ነው። ባዶ ጊዛ ከሙቅ ውሃ እንደወጣ ዓይናችሁ እያየ ቡናማ ይሆናል። በኮምፕረሰር አየር አድርቁት፣ የተሞረዱትን ገጾች ወዲያው ዘይት ቀቧቸው፣ ሲሊንደሮቹንም እንዲሁ። ከዚያ የውጩን ግድግዳ ብቻ ቅባት በማይተው ማሟሟያ፣ አሴቶን ወይም ጥሩ ቲነር በነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። በራችሁን ክፈቱ፣ እሳት አጠገባችሁ አይኑር። የፍሬን ማጽጃ እስፕሬይ የምትጠቀሙ ጣሳውን አንብቡ። ክሎሪን ያለበት ዓይነት ከጋለ ብረት ወይም ከብየዳ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይሆናል።

በአሸዋ ማስነፋት የሚያስቡም አሉ። ሞተር ብሎክ ላይ እኔ አላደርገውም። አሸዋው ወደ ዘይት መተላለፊያ ገብቶ ይደበቃል። አንዲት ፍሬ ብሮንዚን ለመብላት ትበቃለች። ከድሪል ጋር የሚሽከረከሩትን ሻካራ የፕላስቲክ ዲስኮችም ተጠንቀቁ። የሚረግፈው ዱቄታቸው ውስጥ አሉሚኒየም ኦክሳይድ አለ። ጄኔራል ሞተርስ ይህ ዱቄት ብሮንዚን እንደሚያበላሽ ለራሱ መካኒኮች በማስታወቂያ አስጠንቅቋል። የሽቦ ብሩሽና ክንድ ይሻላል።

«የማርሚታ ቀለም ግዙ፤ ብዙ ሙቀት የሚችል ይበልጣል»

በሰው ጤነኛ አእምሮ ካሰብነው ትክክል ይመስላል። 260 ዲግሪ ከሚችለው 650 ዲግሪ የሚችለው ይሻላል፣ አይደል? አይደለም።

የማርሚታና (የጭስ ድምፅ ማፈኛው) የጭስ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው ቱቦ) ቀለም በሲሊኮን ላይ የተሠራ ነው። ጣሳ ውስጥ እንዳለ፣ ወይም ተቀብቶ እንደ ደረቀ ገና አልበሰለም። የሚጠነክረው ሲጋገር ነው። ጣሳው ላይ ያለውን ብታነቡ በደረጃ ያስኬዳችኋል። መጀመሪያ 120 ዲግሪ አካባቢ፣ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ 200፣ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ 300ን አለፍ ያለ። ማኒፎልድ ይህን ሙቀት በራሱ ጊዜ ያገኘዋል። ብሎክ ግን ከየት ያመጣዋል? ውሃው 90 ዲግሪ ከሆነ የብሎኩ ውጭ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ያ ቀለም ብሎክ ላይ ዕድሜ ልኩን ጥሬ ሆኖ ይኖራል። ጥሬ ሲሆን ደግሞ ቤንዚንና ዘይት ያለሰልሱታል፣ በጥፍር ይነሳል።

ለብሎክ የተሠራው የሞተር ኢናሜል ነው። ከ260 ዲግሪ ብዙ አይዘልም፣ መዝለልም አያስፈልገውም። የተሠራው ዘይት፣ ቤንዚንና የራዲያተር ውሃ ሲነካው እንዲቋቋም ነው። ብሎክ ላይ የቀለም ጠላት እሳቱ አይደለም፤ የሚፈሰው ነገር ነው። ቴስታታው (ከብሎኩ በላይ የሚታሰረው ክፍል) ላይ የጭሱ መውጫ ዙሪያ ብቻ ቀለሙ ሊቃጠል ይችላል። ፋብሪካ የተቀባውም እዚያ ጋ ይቃጠላል፤ አትጨነቁበት።

አቀባቡ ብዙ ጥበብ የለውም። ሁለት ስስ፣ አንድ ትንሽ ርጥብ ያለ፣ በየመሐሉ 10 ደቂቃ ያህል። ከመደረብ መቆጠብ ያቃተው ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ። ብዙዎቹ ጣሳዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ደርቡ፣ ካለፋችሁ ሰባት ቀን ጠብቁ ይላሉ። ቀልድ አይደለም። በሁለተኛው ቀን «እዚህች ጋ ሳሳ» ብሎ የደረበ ሰው ቀለሙ ዓይኑ ሥር እንደ አሮጌ ቆዳ ሲሸበሸብ ያየዋል። ከሥር ያለው ግማሽ ደርቆ ግማሽ ለስላሳ ስለሆነ የላይኛው ማሟሟያ ያሳብጠዋል። እኔ አይቼዋለሁ፤ በተከታዩ ቀን ሙሉ ስፍቀው ዋልኩ።

ስቱኮ ቀብቶ የጊዛውን ሸካራነት ለማለስለስ የሚሞክርም አለ። ወፍራም ፕራይመርም እንዲሁ። ሙቀቱ ሲመላለስበት ይሰነጠቃል። ሸካራ ይሁን፤ ቀለሙ የሚነክሰው በዚያ ነው።

«ቶርኖ ቤት ከመላኩ በፊት ቀቡት፣ እንዳይዝግ»

ይህን ሳነብ ሳቅሁ። ቶርኖ ቤት (ብሎኩን በማሽን የሚሞርደው) መጀመሪያ የሚያደርገው ብሎኩን በሙቅ የኮስቲክ ሶዳ ገንዳ ውስጥ መዝፈቅ ነው። ቀለሙ አብሮ ይወጣል። (የአሉሚኒየም ብሎክ ከሆነ ኮስቲክ ራሱን አሉሚኒየሙን ስለሚበላው ቀድማችሁ ንገሯቸው።) ስንጥቅ በማግኔትና በብረት ዱቄት የሚፈለገውም ንጹሕ ብረት ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ ቶርኖ፣ የመጨረሻ እጥበት፣ ቀለም።

እውነተኛው ክርክር ከዚያ በኋላ ነው። ባዶውን ብሎክ ነው የምንቀባው ወይስ ቴስታታውና ኮፓው ከታሰሩ በኋላ? ፋብሪካዎች ድሮ ሞተሩን ገጥመው ነበር የሚረጩት፤ የቆዩ ሞተሮች ላይ ጓርኒሲዮኑም (በሁለት ገጾች መሐል የሚገባው ማሸጊያ) ቡሎኑም አብሮ ተቀብቶ የምታገኙት ለዚህ ነው። ገጥሞ መቀባት መሸፈኑን ያቀላል፣ ገጾቹ ተዘግተዋልና። እኔ ግን ባዶውን እቀባለሁ። ስንገጥም እጃችን፣ መፍቻው፣ ሁሉ ነገር ዘይት ነው። ያን ሁሉ አጥቤ እንደገና ዘይት ላስነካው አልፈልግም። የቡሎን ራሶችን በኋላ በቀጭን ብሩሽ እነካካቸዋለሁ። ገጥሞ የሚቀባውንም አልነቅፍም፣ ማሟሟያውን ካልሰሰተ።

«ገጾቹ ላይ ቢያርፍ አይጎዳም፤ እንዲያውም ጓርኒሲዮኑን ያጣብቃል»

ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሞተር ታስወርዳለች።

ብዙ የጥገና መመሪያዎች የብሎኩ የላይኛው ገጽ ምን ያህል መጣመም እንደሚፈቀድለት ይጽፋሉ። እንደ ሞተሩ 0.05 ወይም 0.10 ሚሊሜትር ነው። ቶርኖ ቤት የተከፈለው ለዚያ ጥራት ነው። አሁን 50 ማይክሮን ያልነው የቀለም ውፍረት ስንት ነው? 0.05 ሚሊሜትር። አንድ ዙር ቀለም የተፈቀደውን ሁሉ ሊበላው ይችላል፤ ያውም እኩል አይተኛም። ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ ቀለሙ ይለሰልሳል፣ ይጨፈለቃል፣ የቴስታታው ቡሎን ጥብቀት ይረግባል። በጓርኒሲዮን ፋንታ ሲልከን ማሸጊያ በሚቀባባቸው ቦታዎችም ያው ነው። ሲልከኑ ቀለሙን ይይዛል፣ ቀለሙ ብረቱን ይለቃል፣ ዘይቱ በመሐል ይወጣል።

ስለዚህ ማስኪንግ ቴፕ። የተሞረደ ገጽ ሁሉ፣ የቡሎን ጥርስ ሁሉ፣ የዘይትና የውሃ ቀዳዳ ሁሉ። ቴፑን ገጹ ላይ ለጥፋችሁ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት፤ ብረቱ ራሱ ልክ አድርጎ ይቆርጠዋል። የካምቢዮው መግጠሚያ ገጽና የሞተር ጎማዎቹ የሚቀመጡበትም አይቀባ። ብሎኩ ላይ የተመቱት ፊደላትና ቁጥሮችም እንዲሁ። የሞተሩ ቁጥር መነበብ አለበት፤ የብሮንዚኑን መጠን የሚነግራችሁም ምልክት ከእነሱ መሐል ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይረሳል፤ ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ። የሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በብሎኩ በኩል ነው። የዘይት መብራቱ መለኪያም ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ ማሳውን የሚያገኘው ከጥርሱ ነው። አንድ ጊዜ ሞተር ገጥሜ ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ያለቃቅሳል። ባትሪ ቀየርኩ። ሞተሪኖውን ፈትቼ አስፈተሽኩ፣ ደህና ነው አሉኝ። «አጥብቄ ገጥሜው ይሆን?» ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ጠዋት የማሳውን ገመድ ስፈታ ሥሩ ያማረ ሰማያዊ ቀለም። ሞተሪኖው የሚቀመጥበትም ገጽ እንዲሁ። ሁለቱን በብርጭቆ ወረቀት ብረት እስኪወጣ ፈገፈግኩ። በመጀመሪያው ዙር ተነሳ።

«የሚጠቅመው ሻጭን ብቻ ነው»

ግማሹን እቀበላለሁ። ዘይት የሚያልበውን ሞተር ሳይፈቱ፣ ከነቆሻሻው ላዩን ረጭቶ «የታደሰ» ብሎ መሸጥ አለ። ለማወቅ ግን አይከብድም። ቱቦዎቹና ሽቦዎቹ ላይ ቀለም ካረፈ፣ በጥፍር ስትጭሩ ከቀለሙ ሥር ጥቁር ቅባት ከወጣ፣ የሞተሩ ቁጥር በቀለም ከደነቆረ፣ ያ ሞተር አልተፈታም።

ዝገት ብሎክን ይገድላል ብዬም አላስፈራራችሁም። ግድግዳው ሚሊሜትሮች ውፍረት አለው። የውጩ ዝገት በልቶ እስኪጨርሰው መኪናው ቀድሞ ያልቃል። የአሉሚኒየም ብሎክማ አይዝግምና እንዳለ ተዉት፣ ቀለምም በደንብ አይዘውም። ለጊዛ ብሎክ ግን እኔ የማገኘው ጥቅም ሌላ ነው። የዛገ ብረት ዘይት ይጠጣል፣ አቧራ ይይዛል፣ በስድስት ወሩ ሁሉም ጎን አንድ ዓይነት ጥቁር ይሆናል። ዘይቱ ከየት እንደመጣ አታውቁም። የተቀባ ብሎክ በጨርቅ ይጠረጋል። ጠርጋችሁ፣ ትንሽ ነድታችሁ፣ ከፍታችሁ ስታዩ ዘይቱ የወጣበትን ቦታ በጣት ትጠቁማላችሁ።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ቀለሙ የማርሚታ ነው፣ ብሎክ ላይ ያልበሰለ። ታጥቦ የነበረው በናፍጣ ነው፤ ራሳቸው ጽፈውታል። እንዲያም ሆኖ አብዛኛው ቀለም እስካሁን ይዟል። የተላጠው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከቫልቭ ክዳኑ የኋላ ጥግ ጀምሮ፣ ስበት ወደሚወስደው ወደ ታች፣ እስከ ኮፓው ጠርዝ። ፎቶውን አጉልታችሁ ካያችሁት ባዶው ብረት ርጥብ ነው፣ ያብለጨልጫል። ያ የቀለም መስመር አይደለም፣ የዘይት ነው። ጸሐፊው ቀለሙን ከመፋቃቸው በፊት የቫልቭ ክዳኑን ጓርኒሲዮን ይዩልኝ፤ የኋላኛዋን ጥግ።